የአያቴ አባት «ጎንደሬ» ነበሩ፤ የተወለዱበትን ደብር እንዴት ላግኘው?

የአሰላዋ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። የአያቴ አባት አሰላ አካባቢ የኔታ ነበሩ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ፊደል አስቆጥረው፣ ዳዊት አስደግመው በ1954 ዓ.ም. አርፈዋል። ልጃቸው፣ ማለትም አያቴ፣ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ጉልበቷ ቢደክምም አእምሮዋ ንቁ ነው። «አባትሽ አገራቸው የት ነበር?» ስትባል «ጎንደር» ትላለች። ጎንደር የት? እዚህ ላይ ቤተሰቡ ሦስት ቦታ ይከፈላል። የአያቴ ታላቅ ወንድም ደንቢያ ነው ይሉ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ወገራ ነው ብለው እስኪሞቱ ተሟግተዋል። እህቷ ደግሞ ከተማው ውስጥ፣ በአታ አጠገብ ነው ይላሉ። ሦስቱም ከአባታችን አፍ ሰማን ባዮች ናቸው፤ ከሦስቱ አንዳቸውም ቃል የሚፈጥሩ ሰዎች አይደሉም።

በእጄ ያለው ይህን ያህል ነው። የብራና ዳዊታቸው አያቴ ሳጥን ውስጥ አለ። በዘመነ ማርቆስ እንደተወለዱ ይናገሩ ነበር። ድቁና የተቀበሉት የሰገሌ ጦርነት በተደረገበት ዓመት ነው። የኅዳር በሽታ ሲገባ አዲስ አበባ ነበሩ፤ አብረዋቸው የመጡትን ተማሪዎች በዚያ ቀብረዋል። የክርስትና ስማቸው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተያያዘ ነው (ሙሉውን አደባባይ ባላወጣው ደስ ይለኛል)። በዚህ ምክንያት የጊዮርጊስን ደብር ልፈልግ አስቤ ነበር፤ ጎንደር ውስጥ ግን ስንቱ ጊዮርጊስ ተቆጥሮ ያልቃል?

አያቴ አባቷ ክርስትና የተነሱበትን ደብር በስሙ ጠርታ ጧፍና ዕጣን መላክ ትፈልጋለች። ዕድሜዋን ሳስበው ብዙ ጊዜ ያለን አይመስለኝም። የምታውቁ እርዱኝ።

ጡረተኛው ጸሐፊ፦

ልጄ፣ ዕድሜዬን ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ነው የጨረስኩት። በመጀመሪያ፣ የሌለ ወረቀት ስትፈልጊ ጊዜ እንዳይባክንብሽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ) በሰፊው ይደነግጋል፤ ነገር ግን በአገር አቀፍ ደረጃ ልደትና ሞት መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ለቅድመ አያትሽ የልደት ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ሁለተኛ፣ አገሩን ለቆ የወጣ ሰው «ጎንደሬ ነኝ» ሲል ከተማዋን ማለቱ ላይሆን ይችላል። በንጉሡ ዘመን በጌምድርና ስሜን የሚባለው ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ጎንደር ክፍለ ሀገር የተባለው፣ ከደባርቅ እስከ ጋይንት፣ ከጭልጋ እስከ ደብረ ታቦር ነው። የደብረ ታቦር ሰውም አዲስ አበባ ሲገባ ጎንደሬ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ተዪውና ርስቱን ጠይቂ። በእኛ አገር ሰው የት እንደተወለደ ባይጽፍም ከማን እንደተወለደ ይቆጥር ነበር፤ መሬት የሚያገኘው በዚያ ነበርና። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል ትውልድ ቆጥሮ አቅኚ አባት ላይ በመድረስ ነው። አንድ ሰው ደንቢያም ወገራም ርስት ሊኖረው ይችላል። አያትሽን ይህን ጠይቂልኝ፦ ከሰሜን መጥቶ አባቷን ስለ መሬት ያነጋገረ ሰው ታስታውሳለች ወይ?

የበአታ ጎረቤት፦

እህቴ፣ ስለ በአታ የተባለውን እኔ ልመልስ። የጎንደር በአታ የአቋቋም (የዜማና የሽብሸባ ትምህርት) ምስክር፣ ማለትም ማስመስከሪያ ቤት፣ ናት። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ድጓ ቤተልሔም፣ አቋቋም በአታ እየተባለ ከጎጃም፣ ከላስታ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ተማሪ ሲጎርፍባት የኖረች ደብር ናት። ተማሪው በየጎጆው ያድራል፣ ዓመታት ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ኋላ «የት ነበሩ?» ሲባል «በአታ» ማለቱ አይቀርም። ልጆቹ ይህን ሰምተው የተወለደባት አድርገው ቢይዙት አይፈረድባቸውም። ስለዚህ የአያትሽ እህት የሰሙት እውነት ሊሆን ይችላል፣ የትውልድ ቦታ ግን ላይሆን ይችላል። የኔታ ከነበሩማ በአታ መማራቸው ያስኬዳል።

ዘመኑን እንቁጠረው። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ሰገሌ ጥቅምት 1909 ነው። ከዚያ በፊት ካሉት የማርቆስ ዓመታት ለድቁና ዕድሜ የሚስማሙት 1898፣ 1894፣ 1890 ናቸው። ድቁና ሲቀበሉ 11፣ 15 ወይም 19 ዓመት ገደማ ነበሩ ማለት ነው። ለበአታ ትምህርት 11 ያንሳል፤ ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ ይመስለኛል።

ድቁናው ራሱ አዲስ አበባ ለምን እንደመጡ ይነግርሻል። ያን ጊዜ ክህነት የሚሰጡት ከግብፅ የመጡ ጳጳሳት ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በ1921 ዓ.ም. ነው። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መቀመጫቸው አዲስ አበባ ስለነበር ከየአገሩ ተማሪ ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ብዙዎቹ በዚያው ቀርተዋል።

የክርስትና ስማቸውን ግን የደብር ምልክት አታድርጊው። ካህኑ ስም የሚያወጣው በዕለቱ የሚታሰበውን ቅዱስ አይቶ ሊሆን ይችላል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳው። ወሩ በገባ በ23 በጊዮርጊስ ተነስተው ከሆነ ወደ ኋላ ስትቆጥሪ የተወለዱበት ቀን ያለፈው ወር 13 ወይም 14 ላይ ይወድቃል። ከስሙ ቀኑን መገመት ይቻላል፤ ቦታውን ግን አይቻልም።

ሰሚራ ነኝ ከዱባይ፦

ዘረመል መመርመር አይቀልም? ምራቅ ልኮ ውጤት መቀበል ነው።

ጡረተኛው ጸሐፊ፦

እመቤት፣ ምርመራው ዘመድ ያገናኛል፤ ዘመዱም ተመርምሮ ከሆነ ነው። የወገራ ገበሬ ምራቁን የት ልኮ ያውቃል? «ደጋው ሰሜን ኢትዮጵያ» የሚል ውጤት ይመጣል፤ ይህችን ልጅ የጠፋባት ደብር ነው።

ወገሬው፦

እኔ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነኝ። ደንቢያና ወገራ ጎረቤት ይሁኑ እንጂ በኑሮ የተለያዩ ናቸው። ደንቢያ ሜዳ ነው፣ ቆላና ወይና ደጋ፤ ጣና ዳር ነው፣ ወባ ያለበት ነው። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ዳጉሳው ከዚያ ነው። ወገራ ደጋ ነው። ገብሱና ባቄላው የኛ ነው፤ ኮሶዬ ላይ ጥቅምትና ኅዳር የሚወርደው ውርጭ ፊት ያቃጥላል። ሽማግሌ ሰው የልጅነቱን አገር ስም ባይጠራ እንኳ ምግቡን፣ ብርዱን፣ ወንዙን ያነሳል። አያትሽን «አባትሽ ጎንደር ላይ ተወለዱ ወይ» ብለሽ አትጠይቂያት፤ ያንኑ ትመልስልሻለች። ልጅ ሆነው ምን ይበሉ እንደነበር፣ ከብት የት እንደጠበቁ፣ የትኛው ገበያ እንደሄዱ፣ በምን ይምሉ እንደነበር ጠይቂያት። ቀስ ብለሽ፣ ቡና ተፈልቶ።

አዲስ ዓለሜ፦

ከጉዳዩ ትንሽ ብወጣ ይቅርታ። እኛ ጎንደር ከተማ ያለው የአዲስ ዓለም ሰፈር እስላሞች ነን፤ ቅድመ አያቶቼ መተማና ምጽዋ ሲራራ የሚነግዱ ነበሩ። በእኛ ቤትም «ጎንደር» ይባላል፤ ሲጣራ ግን አያቴ የተወለዱት አባታቸው በንግድ ባረፉበት በጭልጋ መንገድ ላይ ነው። ነጋዴና ተማሪ ትውልዱ መንገድ ላይ እንደሚገኝ አትርሺ።

ሐይፋ ሆኜ፦

እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ከወለቃ የመጣን ቤተ እስራኤል ነን። አባቴ በመታወቂያው ላይ የትውልድ ቦታው «ጎንደር» ተብሎ ተጽፏል፤ የገባ ሰሞን ጸሐፊው የሚያውቀው ስም ያ ስለነበር ይመስለኛል። አባቴ የተወለደው ግን አምቦበር ነው። ያወቅሁት አክስቴ አዋላጇን በስም ስላስታወሰች ነው። ሴቶቹን ጠይቂ። ማን ማንን እንዳዋለደ፣ ማን የማን ክርስትና እናት እንደሆነች የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የአሰላዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቅዳሜና እሁድ አያቴ ዘንድ ነበርኩ። ወገሬው እንዳልከኝ ስለ አገር ሳይሆን ስለ ልጅነት ጠየቅኳት፤ ከዚህ በፊት ሰምተነው የማናውቀው ብዙ ወሬ ወጣ።

አባቷ ውርጭ ያነሱ ነበር። ጠዋት ከብት ሲያወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ እግራቸውን ይቆርጣቸው እንደነበር፣ የገብስ ቂጣ በቅቤ እንደሚናፍቃቸው። ሲምሉ «የኮሶዬን ማርያም!» ይሉ ነበር። አሰላም ደጋ ስለሆነ «እንደ አያቴ አገር ነው» ብለው ወደው እንደቀሩ ተናግራለች። ልብ በሉልኝ፣ «እንደ አባቴ አገር» አላሉም።

ጡረተኛው ጸሐፊ፣ አባቴ፣ ስለ ርስት ያሉትንም ጠይቄያታለሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ እሷ ልጅ ሳለች፣ አንድ ሰው ከሩቅ መጥቶ ቤታቸው ሰንብቷል። «የአባትህን ርስት ሌላ ሊወስደው ነው፤ ና ቆጥረህ ተቀበል» ብሎ ለምኗቸዋል። አባቷ «እኔ መምህር ነኝ፣ ወንድሞቼ ይብሉት» ብለው መለሱት። ሰውየው ስለ ዓሣና ስለ ታንኳ እያወራ ልጆቹን ያስቃቸው ነበር፤ ታንኳ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበርና።

ዳዊቱንም አወጣነው። የመጨረሻው ቅጠል ላይ በቀይ ቀለም የባለቤቱ ስም አለ፣ ከዚያ «ምስለ አቡሁ» (ከአባቱ ጋር) ብሎ አንድ ስም፣ «ወእሙ» (ከእናቱም) ብሎ ሌላ ስም ይከተላል። ሁለቱም የክርስትና ስሞች ናቸው። አያቴ የአያቷን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። አስደግማኝ አለቀሰች።

ወገሬው፦

ታንኳ ያለው ደንቢያ ነው፣ ውርጩ ወገራ ነው። ምን ቀረሽ!

ጡረተኛው ጸሐፊ፦

አሁን ተያዘ። ልጄ፣ ሦስቱም የአያትሽ ወገኖች የሰሙትን ነው የተናገሩት፤ አንዱ የአንዱን አያፈርስም።

አገራችን ውስጥ ሴት ልጅ ስታገባ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ግን ቀኗ ሲቃረብ እናቷ ዘንድ ትመለሳለች። እዚያ ትወልዳለች፣ እዚያ ትታረሳለች፤ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ ብዙ ጊዜ እዚያው በእናቷ ደብር ክርስትና ይነሳል። ልጁ አያቶቹ ዘንድ እያደገ ከብት መጠበቁም የተለመደ ነው። ስለዚህ ደንቢያ የአባታቸው ርስት ነው፤ ለዚህ ነው ሰውየው ከዚያ የመጣው። ወገራ የእናታቸው አገር ነው፣ የተወለዱትም ያደጉትም በዚያ ነው። በአታ የተማሩባት ናት። ታላቅ ልጃቸው ስለ መሬት ስለሰሙ ደንቢያ አሉ፤ ታናሹ የልጅነት ወሬ ስለወደዱ ወገራ አሉ፤ ሴቷ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠይቀው በአታ አሉ።

እኔ ርስት ክርክር ስጽፍ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከሳሽ በአባቱ ከደንቢያ፣ በእናቱ ከወገራ እየቆጠረ ሁለት ቦታ ይቆም ነበር። አሁን ሰው የዘር ሐረጉን ሲፈልግ የአባትን መስመር ብቻ ይዞ ይወጣል፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ። ስማችን እንደዚያ ስለሚጻፍ ነው። የትውልድ ቦታ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእናት በኩል ነው፤ የእናት ስም ደግሞ የትም ወረቀት ላይ የለም። አንቺ ዕድለኛ ነሽ፤ ዳዊቱ ጽፎታል።

የበአታ ጎረቤት፦

እጅግ ደስ ብሎኛል። አንድ አደራ፦ ዳዊቱን ለማንም አታሳዪ፣ ፎቶውንም ሜዳ ላይ አትልቀቂ። ብራና ገዢ በየቦታው ያነፈንፋል። ከጎንደር የወጣውን መጽሐፍ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ያኖሩትን እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወስደውታል፤ ወደ 350 ገደማ የሚሆነው ዛሬ ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከቀረውም ብዙው የሱዳኑ ደርቡሽ በጥር 1880 ከተማዋን ሲያቃጥል አብሮ ነደደ። በየወንጌሉ ኅዳግ የተጻፈ ስንት የመሬት ውል፣ ስንት ስም አብሮ ሄዷል! ከቅድመ አያትሽ በላይ ያለውን ትውልድ በጽሑፍ ለማግኘት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። እናንተ ቤት የተረፈውን አንድ ቅጠል እንደ ዓይን ብሌን ያዙት።

የአሰላዋ፦

ቃሌ ነው፣ ከሳጥኑ አይወጣም። ታዲያ አሁን ኮሶዬ ያለውን ደብር እንዴት ልጠይቅ? መንገዱም እንደምታውቁት ነው።

ወገሬው፦

በስልክ እንጀምረዋለን። ኮሶዬ አካባቢ የእናቴ ወገኖች አሉ። የምንፈልገው ከ1967 በፊት ርስት ተከራክሮ ትውልድ የቆጠረ ሽማግሌ ነው። ከዚያ ወዲህ መሬት የመንግሥት ሆኖ፣ በ1989 እንደገና ተሸንሽኖ፣ አሁን ሁሉም በይዞታ ደብተሩ ነው የሚኖረው፤ መቁጠር ለወጣቱ የጋብቻ ዝምድና ለመጠንቀቅ ካልሆነ አይጠቅመውም። የድሮዎቹ ግን ሰባት ቤት ሳያነሱ አይተኙም ነበር። ጥያቄውን እንዲህ እናድርገው፦ «ወደ ደንቢያ ተድራ፣ ወንድ ልጇ ተማሪ ወጥቶ የቀረባት ሴት ከማን ቤት ነበረች?» ስም አናስቀድም። ስም ካስቀደምን ሊያስደስቱን «አዎ» ይላሉ።

ጡረተኛው ጸሐፊ፦

ይህ ያዋቂ ምክር ነው። ምስክር መልሱን ሳይሰማ ነው መጠየቅ ያለበት። ደግሞ ሽማግሌ የሚያውቀው የዓለም ስሟን ነው፣ ዳዊቱ ላይ ያለው የክርስትና ስሟ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ካህን ያስፈልጋል።

ወገሬው፦

የአሰላዋ፣ ዛሬ ማታ ካጎቴ ጋር ተነጋገርኩ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ አሉ፤ በወጣትነታቸው ለአባታቸው ርስት ጭቃ ሹም ፊት ቆመው የቆጠሩ። ስም ሳንጠራ ጠየቅናቸው። ከቤታቸው አንዲት ሴት ወደ ጣና ዳር ተድራ፣ ለመውለድ መጥታ ወንድ ልጅ እንደወለደች፣ ልጁን እናቷ እንዳስቀሩት፣ ልጁም «ለቅኔ ወጣ፣ ለአቋቋም ወጣ፣ ኋላ ሸዋ ቀረ» ሲባል ከአባታቸው መስማታቸውን ተናገሩ። ደብሯ ማርያም ናት። የሴቲቱን የዓለም ስም ነግረውኛል፣ በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። የክርስትና ስሟን አያውቁም።

የአሰላዋ፦

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የላክልኝን የዓለም ስም ለአያቴ ጮክ ብዬ ነገርኳት። የበኩር ልጇን፣ የእናቴን ታላቅ እህት፣ በዚያ ስም እንድትጠራት ያዘዙት አባቷ ናቸው። ለምን እንደሆነ ነግረዋት አያውቁም።

ጡረተኛው ጸሐፊ፦

ትልቅ ማስረጃ ነው። ሆኖም አንድ ሽማግሌና አንድ ስም ነው፤ ዳዊቱ ላይ ያለው የእናትየዋ የክርስትና ስም እስኪመሳከር ድረስ «በቃል የተገኘ» ብለሽ ጻፊው። ማስታወሻሽ ላይ ሦስቱንም ለየብቻ አስፍሪ፦ የተወለዱበት ወገራ ኮሶዬ፣ በእናታቸው ወገን ቃል፤ የአባት ርስት ደንቢያ፣ ርስት ሊያስረክብ በመጣው ሰው ምክንያት፤ ትምህርት ጎንደር በአታ፣ በልጃቸው ቃል። ማን እንዳለ ከጎኑ ይጻፍ። ነገ ደንቢያ በኩል ሌላ ሰው ሲነሳ ያን ጊዜ ይጠቅምሻል። የአያትሽንም ድምፅ ቅጂው፤ ለሽማግሌውም እንዲሁ ይደረግ።

የአሰላዋ፦

እሺ አባቴ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። ድምፁን መቅዳት ጀምሬያለሁ። ወገሬው፣ ጧፉንና ዕጣኑን በአጎትህ በኩል ለደብሯ አለቃ እልካለሁ፤ ከእሽጉ ጋር የእናትየዋን የክርስትና ስም በወረቀት አድርጌ በእጃቸው እንዲደርስ። ከአረጋውያኑ ካህናት የሚያውቃት ካለ፣ ወይም በቤቱ ጸሎት ስሟ የሚጠራ ከሆነ ይንገሩን።

ወገሬው፦

ኅዳር 21 ጽዮን ሲነግሥ ሁሉም ደብር ይሰበሰባል፤ ከዚያ በፊት ከደረሰልኝ በዕለቱ ይጠየቃል። ለአጎቴ ነግሬዋለሁ።

የጋይንቱ ልጅ፦

ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔም አያት «ጎንደሬ» ነበሩ፣ ጅማ ያረፉ፤ እናታቸው ከጋይንት ቤተልሔም ናት ይባላል። ከየት ልጀምር?

ጡረተኛው ጸሐፊ፦

ልጄ፣ አዲስ ክር ክፈትና በቤትህ ካሉት ሴቶች በዕድሜ የምትበልጠውን ምን ብለህ እንደምትጠይቅ አብረን እንጽፋለን።